ሉዊስ ሞርኪዮ

ዶክተር ሉዊስ ሞርኪዮ (መስከረም 14 ቀን 1860 – ሐምሌ 2 ቀን 1927 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 24 ቀን 1867 – ጁላይ 9 ቀን 1935) የኡራጓይ ተወላጅ የሕፃናት ሐኪም፣ የሕክምና መምህርና ለሕፃናት ደኅንነት የተሟገቱ ሰው ነበሩ። በአገራቸው የሕፃናት ሕክምና ራሱን የቻለ የትምህርትና የሥራ ዘርፍ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው ናቸው። በተቀረው ዓለም ግን ስማቸው ይበልጥ የሚታወቀው በአንድ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ አራት ልጆችን መርምረው፣ አጥንታቸውንም በራጅ (ኤክስሬይ) ተመልክተው፣ ከዚያ በፊት በወጉ ተለይቶ ያልታወቀ በዘር የሚተላለፍ የአጥንት ሕመም መኖሩን ገለጹ። ይህ ሕመም ዛሬ የሞርኪዮ በሽታ ወይም ሚውኮፖሊሳካሪዶሲስ ዓይነት 4 ይባላል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሞርኪዮ የተወለዱት በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ ነው። ኡራጓይ በደቡብ አሜሪካ በብራዚልና በአርጀንቲና መካከል የምትገኝ ትንሽ አገር ስትሆን እሳቸው ሲወለዱ ነጻ አገር ከሆነች ገና 40 ዓመት አልሞላትም ነበር። ሞንቴቪዴዮ የወደብ ከተማ በመሆኗ ከአውሮፓ፣ በተለይም ከስፔንና ከጣሊያን፣ በርካታ ስደተኞች ይገቡባት ነበር።

በከተማይቱ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1875 ነው። ሞርኪዮ በዚሁ ፋኩልቲ ተምረው በ1892 በሕክምና ዶክተርነት ተመረቁ። ፋኩልቲው በዚያን ጊዜ 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበርና እሳቸው በአገራቸው ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወገን ይቆጠራሉ።

ከምረቃ በኋላ ዕውቀታቸውን ለማዳበር ወደ ፓሪስ ተጓዙ። ፓሪስ በዚያ ዘመን ከዓለም የሕክምና ትምህርት ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ለሕፃናት ብቻ ተብለው ከተከፈቱት የዓለም ሆስፒታሎች ቀደምት የሆነውና በ1802 ሥራ የጀመረው ሆስፒታል የሚገኘውም እዚያው ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች የሚታወቁበት አሠራር በሽተኛውን በአልጋው አጠገብ ሆኖ በጥንቃቄ መመልከት፣ የታየውን በዝርዝር መጻፍና አንዱን በሽተኛ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነበር። ሞርኪዮ በ1894 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይህን አሠራር ይዘው መጡ። በኋላ ዘመን ስማቸውን ያስጠሩትን ሁለቱን ጽሑፎች ያሳተሙትም በፈረንሳይኛ ነው።

በተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ

ሞርኪዮ ከፓሪስ እንደተመለሱ ማገልገል የጀመሩት በሞንቴቪዴዮ የተጣሉና ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። የማሳደጊያው መነሻ በ1818 ዳማሶ አንቶኒዮ ላራኛጋ የተባሉ ካህን ያቋቋሙት ቤት ነበር። በግድግዳው ላይ የሚሽከረከር ሣጥን ተገጥሞለት ነበር። ልጇን ማሳደግ ያልቻለች እናት ሕፃኑን ከውጭ በኩል በሣጥኑ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ሣጥኑ ሲዞር ሕፃኑ ውስጥ ላሉት ሠራተኞች ይደርሳል። ማን እንደሆነች የሚጠይቃትም ሆነ የሚያያት ሰው አልነበረም።

እንዲህ ባለ ቤት ብዙ ሕፃናት በአንድ ጣራ ሥር ሲሰበሰቡ ተቅማጥ፣ ኩፍኝና የሳንባ ምች ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛመታሉ። የእናት ጡት ያላገኘ ሕፃን በላም ወተት ሊያድግ ነው፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ ወተት በበጋ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ማሳደጊያው ሕፃናትን በየቤታቸው ተቀብለው ለሚያሳድጉ ሴቶች እየከፈለ የሚሰጥበት የውጭ አገልግሎት ነበረው። ሞርኪዮ ይህን አገልግሎት በሐኪምነት መሩ፤ የሕፃናቱን ሁኔታም በቁጥር እየመዘገቡ ሪፖርት አወጡ።

ይህ ሥራ የሕፃናትን ሞት ሕይወታቸውን ሙሉ የሚያስቡበት ጉዳይ አደረገው። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ በኡራጓይ የሕፃናት ሞት ከብዙዎቹ የደቡብ አሜሪካ አገሮች ያነሰ ነበር። ሆኖም ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ መቀነሱን አቁሞ ለበርካታ አሥርተ ዓመታት ከ1000 ሕፃናት በ100 ገደማ ላይ ቆየ። ሞርኪዮና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱን ለማግኘት የሞት መዝገቦችን ያገላብጡ ነበር። ከተቅማጥና ከሳንባ በሽታ በስተጀርባ ድህነትን፣ የእናቶችን ብቸኝነትና የወተት ጉድለትን ስላገኙ የሕፃናት ሐኪም ሥራ በሆስፒታል በር ላይ እንደማያበቃ ያስተምሩ ነበር።

መምህርነት

በ1900 ሞርኪዮ ከፍራንሲስኮ ሶካ በኋላ የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰርነቱን ተረከቡ። ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለ35 ዓመታት ያህል የአገሪቱን የሕፃናት ሐኪሞች አስተማሩ። በ1905 ከአርጀንቲናና ከብራዚል ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ አሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ላይ የሚያተኩር የሳይንስ መጽሔት መሠረቱ። በ1908 በሞንቴቪዴዮ የፔሬይራ ሮሴል የሕፃናት ሆስፒታል ሲከፈት ክሊኒካቸውን ወደዚያ ወሰዱ። በ1915 የሞንቴቪዴዮ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በእሳቸው መሪነት ተቋቋመ። የመጀመሪያው የእግር ኳስ ዓለም ዋንጫ በከተማይቱ በተካሄደበት በ1930 ደግሞ የሕፃናት ሕክምናና የሕፃናት አያያዝ ኢንስቲትዩት ተመሥርቶ ዳይሬክተሩ ሆኑ።

ካጠኗቸው በሽታዎች አንዱ በአገራቸው እጅግ የተለመደው ሃይዳቲድ ሲስት ነው። ኡራጓይ የበግ አገር ናት፤ በበጎችና በእረኛ ውሾች መካከል የሚዘዋወር ጥገኛ ትል ወደ ሰው ሲገባ በጉበት ወይም በሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጥራል። ይህ ከረጢት በደረት ራጅ ላይ እንደ ድቡልቡል ጥላ ስለሚታይ በዚያ ዘመን ራጅ ከፍተኛ ጥቅም ከሰጠባቸው በሽታዎች አንዱ ነበር። በፖሊዮም ላይ የሞርኪዮ ምልክት የሚባል የምርመራ ዘዴ በስማቸው ይጠራል፦ በጀርባው የተኛው በሽተኛ እግሮቹ ካልታጠፉለት በስተቀር ቀና ተደርጎ ለመቀመጥ እንቢ ይላል።

የ1901 ጽሑፍ፦ አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ልብ

ሞርኪዮ በሽታን በቤተሰብ ውስጥ የመከታተል ልማዳቸው ቀደም ብሎ ታይቷል። በ1901 ባወጡት ጽሑፍ በአንድ ቤተሰብ ልጆች ላይ የታየ ያልተለመደ ሕመም ገለጹ። የልጆቹ የልብ ትርታ ሁልጊዜ እጅግ ዝግ ያለ ነበር፤ ድንገት ራሳቸውን ይስታሉ፣ እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ አንዳንዶቹም በድንገት ይሞታሉ።

ይህ ጽሑፍ በተወለዱ ጊዜ የሚኖርና በቤተሰብ የሚወረድ የልብ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ መዘጋትን ከገለጹት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ (ኢ.ሲ.ጂ.) በዚያን ጊዜ በሐኪም ቤቶች አልነበረም። ሐኪሙ የነበረው የእጁ ጣት፣ ሰዓቱና የቤተሰቡ ታሪክ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ቢታይ የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፤ ወንድሞቹና እህቶቹ አብረው ሲታዩ ግን ሌላ ነገር መኖሩ ይገለጣል።

ራጅና የሕፃናት አጥንት

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኙት በ1895 መጨረሻ ላይ ነው። ጨረሩ በሥጋ ውስጥ በቀላሉ ሲያልፍ ካልሲየም ያለበት አጥንት ግን ይይዘዋል። በመሆኑም ከሰውነት በስተጀርባ በተቀመጠው ፊልም ላይ አጥንቱ ነጥቶ ይታያል። ሐኪሞች የሕያው ሰው አጥንት ሳይቀደድ ማየት የቻሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

በማደግ ላይ ያለ ልጅ ራጅ ከአዋቂ ራጅ የተለየ ነው። የልጅ አጥንት ጫፍ በአብዛኛው ለምለም አጥንት ነው፤ ለምለም አጥንት ደግሞ በራጅ ላይ አይታይም። ልጁ ሲያድግ ለምለሙ አጥንት በተወሰነ ቅደም ተከተል ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። ስለዚህ የልጅ ራጅ የዕለቱን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የእድገቱን አካሄድም ያሳያል፤ እድገቱ የት ላይ እንደተሰናከለም ይመሰክራል።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ ልጅ እግሩ ከተወላገደ ወይም ጀርባው ከጎበጠ ሐኪሞች አስቀድመው የሚጠረጥሩት ሦስት በሽታዎችን ነበር፦ ሪኬትስን፣ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳን፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቂጥኝን። ሪኬትስ በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መላላት ሲሆን በ1919 በርሊን ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚድን ከታየ በኋላ ሕክምና የተገኘለት በሽታ ሆኗል። እነዚህ በሽታዎች የተለመዱ ስለነበሩ ለየት ያለ የአጥንት ሕመም ያለበት ልጅም ከእነሱ በአንዱ ውስጥ ይመደብ ነበር። ሪኬትስ ነው የተባለ ልጅ ሕክምናው ካልሠራለት ወላጆቹ በደንብ አላበሉትም ወይም ፀሐይ አላሞቁትም መባሉም የማይቀር ነው።

የ1929 ጽሑፍ

ሞርኪዮ 60 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከስዊድን የዘር ሐረግ ያለው አንድ ቤተሰብ በሞንቴቪዴዮ ወደ እሳቸው ቀረበ። ከቤተሰቡ ልጆች አራቱ ተመሳሳይ የአካል ጉዳት ነበረባቸው። ሞርኪዮ የአራቱን ልጆች ሁኔታ ከራጅ ምስሎቻቸው ጋር አዛምደው በ1929 በፓሪስ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። ሕመሙንም በቤተሰብ የሚወረድ የአጥንት እድገት መዛባት ብለው ሰየሙት።

በዚያው በ1929 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ የራጅ ሐኪም የነበሩት ጄምስ ብሬይልስፎርድ ተመሳሳይ ሕመም ስላለበት አንድ ልጅ ጻፉ። ሁለቱ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ነው የጻፉት። አንደኛው ከሕፃናት ክሊኒክ፣ ሌላው ከራጅ ክፍል ተነሥተው በአንድ ነገር ላይ ተገናኙ። ስለዚህ በአንዳንድ መጻሕፍት በሽታው የሞርኪዮ-ብሬይልስፎርድ በሽታ ተብሎ ይጠራል።

ከእነሱ በፊት ሌሎች ሁለት ሐኪሞች ተቀራራቢ በሽታዎችን ገልጸው ነበር። ቻርልስ ሃንተር በ1917 ካናዳ ውስጥ ስላዩአቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ ገርትሩድ ሁርለር ደግሞ በ1919 በጀርመን ሙኒክ ስላዩአቸው ሕፃናት ጽፈዋል። በእነዚህ በሽታዎች የፊት ቅርጽ ይለወጣል፣ መገጣጠሚያዎች ይደርቃሉ፣ በከባድ ዓይነቶቻቸውም የልጁ አእምሮ እየደከመ ይሄዳል። የሞርኪዮ በሽታ ያለባቸው ልጆች ግን አእምሯቸው ጤናማ ነው፤ ብዙዎቹ መገጣጠሚያዎቻቸውም ከመድረቅ ይልቅ የላሉ ናቸው። ልጆቹ ሲወለዱ ጤነኛ ይመስላሉ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ፣ መራመድ ከጀመሩ በኋላ ነው። ጉልበቶቻቸው ወደ ውስጥ ገብተው ይነካካሉ፣ ደረታቸው ወደ ፊት ይወጣል፣ አንገታቸው ያጥራል፣ ቁመታቸውም ይቆማል። ሕመሙ ከባድ በሆነባቸው ሰዎች የአዋቂነት ቁመት ብዙውን ጊዜ ከ120 ሴንቲ ሜትር በታች ነው።

ሞርኪዮ በ1935፣ በሞቱበት ዓመት፣ ስለዚሁ ሕመም ሁለተኛ ጽሑፍ አሳትመዋል።

ራጁ የሚያሳያቸው ምልክቶች

በክምችት በሽታዎች ላይ በራጅ የሚታዩት የአጥንት ለውጦች በአንድነት ዲስኦስቶሲስ ሙልቲፕሌክስ ይባላሉ። የሞርኪዮ በሽታ ከእነዚህ ውስጥ የራሱ መለያዎች አሉት፦

አከርካሪ፦ የአከርካሪ አጥንቶች ሁሉም በሚባል ደረጃ ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ከጎን ሲታዩ የፊት ጠርዛቸው መካከል እንደ ወፍ መንቁር ሾጠጥ ብሎ ይወጣል። በሁርለር በሽታ ይህ መንቁር የሚወጣው ከታችኛው ጠርዝ ስለሆነ በአንድ ራጅ ብቻ ሁለቱን ለመጠርጠር ይረዳል።

አንገት፦ ሁለተኛው የአንገት አጥንት ወደ ላይ የሚዘልቅ ጥርስ መሰል ጉጥ አለው። ይህ ጉጥ የመጀመሪያውን አጥንት በቦታው ያጸናል። በሞርኪዮ በሽታ ጉጡ በጣም ትንሽ ነው ወይም አልተሠራም፤ ስለዚህ ሁለቱ አጥንቶች እየተንሸራተቱ ህብለ ሰረሰርን ሊጨፈልቁ ይችላሉ።

ደረት፦ የጎድን አጥንቶች ከአከርካሪው አጠገብ ቀጠን፣ ወደ ፊት ሰፋ ብለው የታንኳ መቅዘፊያ ይመስላሉ።

ዳሌ፦ የጭን አጥንት ራስ በልጅነት ይታያል፤ ከዓመታት በኋላ ግን እየተሰባበረና እየሟሸሸ ሊጠፋ ይችላል።

እጅ፦ የመዳፍ አጥንቶች አጥረው በእጅ አንጓ በኩል ያለው ጫፋቸው ይሾላል።

ሪኬትስ ያለበት ልጅ ራጅ ከዚህ የተለየ ነው። በሪኬትስ የረጃጅም አጥንቶች የእድገት ጫፍ፣ በተለይ በእጅ አንጓና በጉልበት፣ እንደ ሲኒ ጎድጎድ ብሎ ጠርዙ እንደተተለተለ ጨርቅ ይሆናል፤ በቫይታሚን ዲ ሲታከምም ይስተካከላል። በሞርኪዮ በሽታ ግን ስህተቱ በምግብ እጥረት ስላልመጣ በምግብ አይስተካከልም።

ለሕፃናት የተቋቋመው የአሜሪካ አህጉር ተቋም

ሞርኪዮ ከክሊኒክ ውጭ ያከናወኑት ትልቁ ሥራ በአሜሪካ አህጉር አገሮች መካከል የተደረገው የሕፃናት ደኅንነት ትብብር ነው። የመጀመሪያው የአህጉሩ የሕፃናት ጉባኤ በ1916 በቦነስ አይረስ ተካሄደ። ሁለተኛው በ1919 በሞንቴቪዴዮ ሲደረግ ሰብሳቢው ሞርኪዮ ነበሩ። በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ሕፃናት ጤና፣ ትምህርትና ሕግ መረጃ የሚሰበስብና ለአገሮቹ የሚያካፍል ቋሚ ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡ እስኪፈጸም ስምንት ዓመት ፈጀ። ተቋሙ በ1927 በሞንቴቪዴዮ ሥራ ሲጀምር ሞርኪዮ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው እስከ ሞታቸው ድረስ መሩት። እሳቸውን የተኩት የአገራቸው ልጅ ሮቤርቶ ቤሮ ናቸው። ተቋሙ በ1949 ከአሜሪካ አገሮች ድርጅት ልዩ ተቋማት አንዱ የሆነ ሲሆን ዋና ጽሕፈት ቤቱ አሁንም በሞንቴቪዴዮ ነው።

ሞርኪዮ ይህን ሁሉ ሊያደርጉ የቻሉት በዘመኑ አገሪቱ የማኅበራዊ ለውጥ ጎዳና ላይ ስለነበረች ጭምር ነው። በፕሬዚዳንት ሆሴ ባትዬ ኢ ኦርዶኜስ ዘመን የተጀመሩት ለውጦች የመንግሥት ሕክምናንና የሠራተኛን መብት በሕግ አጸኑ፤ የቀን ሥራ በስምንት ሰዓት እንዲወሰን የወጣው የ1915 ሕግ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1934 ኡራጓይ የሕፃናት ሕግ አወጣች። የማሳደጊያው ተሽከርካሪ ሣጥንም በ1930ዎቹ መጀመሪያ አገልግሎቱ አበቃ።

ሞት

ሞርኪዮ በጁላይ 9 ቀን 1935 በሞንቴቪዴዮ በ67 ዓመታቸው አረፉ። በተወለዱበት ከተማ አንድ ጎዳና በስማቸው ተሰይሟል።

ከአጥንት ወደ ኢንዛይም፦ ከሞታቸው በኋላ የታወቀው

ሞርኪዮ ያዩት የበሽታውን ጥላ ነው። ጥላውን የጣለው ነገር ምን እንደሆነ በእሳቸው ዘመን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ መልሱ የተገኘው ቀስ በቀስ በ50 ዓመታት ውስጥ ነው።

በ1955 ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በሴል ውስጥ ላይሶዞም የተባለውን ክፍል አስተዋወቁ። ላይሶዞም የሴል የቆሻሻ ማስወገጃ ነው፤ ያረጁ ንጥረ ነገሮች ወደ እሱ ገብተው በልዩ ልዩ ኢንዛይሞች ይፈጫሉ። አንዱ ኢንዛይም ከጎደለ በእሱ መፈጨት የነበረበት ነገር ሳይፈጭ ይከማቻል። የክምችት በሽታዎች የሚባሉት ይህ የሚደርስባቸው ናቸው።

በ1960ዎቹ የሞርኪዮ በሽታ ያለባቸው ልጆች ሽንት ውስጥ ኬራታን ሰልፌት የተባለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት በብዛት ተገኘ። ኬራታን ሰልፌት በብዛት የሚገኘው በለምለም አጥንትና በዓይን ብሌን መስታወት ውስጥ ነው፤ በሽታው ከሁሉ በላይ አጥንትን የሚጎዳውና ዓይንን የሚያደበዝዘው ስለዚህ ነው። በ1968 ኤልዛቤት ኑፌልድና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሁርለርንና የሃንተርን በሽታ ሴሎች በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ሲያሳድጓቸው አንዱ የሌላውን ጉድለት እንደሚያሟላ አሳዩ። ከውጭ የሚሰጥ ኢንዛይም ወደ ሴል ገብቶ ሊሠራ እንደሚችል የተገመተው ከዚያ በመነሣት ነው።

በ1970ዎቹ በሞርኪዮ በሽታ የሚጎድለው ኢንዛይም ታወቀ። ከዚያም በሽታው ሁለት ዓይነት መሆኑ ተለየ። በዓይነት ሀ የሚበላሸው ጋልንስ የተባለ ጂን ሲሆን የሚገኘው በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በዓይነት ለ የሚጎድለው ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። የጋልንስ ጂን ቅደም ተከተል በ1991 ተነበበ።

በሽታው የሚተላለፈው ሁለቱም ወላጆች የተበላሸውን ጂን ሲሸከሙ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚወለድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ዕድል በየእርግዝናው እንደ አዲስ የሚጀምር ስለሆነ በአንድ ቤት ማንም ላይታመም፣ በሌላው ቤት ደግሞ እንደ ሞንቴቪዴዮው ቤተሰብ አራት ልጆች ሊታመሙ ይችላሉ።

ሕክምናና የምስል ምርመራ ዛሬ

በ2014 ለዓይነት ሀ የሚሆን ኤሎሰልፌዝ አልፋ የተባለ ሰው ሠራሽ ኢንዛይም በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ በየሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል። የበሽተኞችን የመራመድ ጽናት ሊያሻሽል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ለምለም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው መድኃኒቱ በሚገባ አይደርሰውም፤ አስቀድሞ የተዛባ አጥንትንም መልሶ አያቀናም። ስለዚህ የአጥንት ቀዶ ሕክምናና የምስል ክትትል እስከ ዛሬ የሕክምናው ምሰሶ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ክትትል የሚያስፈልገው አንገት ነው። ለዚህ ሦስት ዓይነት ምስሎች ይደጋገፋሉ። ራጅ አንገት ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥንቃቄ ሲንቀሳቀስ አጥንቶቹ ምን ያህል እንደሚንሸራተቱ ያሳያል። ሲቲ ስካን ከብዙ አቅጣጫ በተወሰዱ የኤክስሬይ ልኬቶች ኮምፒውተር የሚሠራው ምስል በመሆኑ ለቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን የአጥንት ቅርጽ በዝርዝር ያወጣል። ኤምአርአይ ደግሞ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ስለሆነ በራጅ የማይታዩትን ለምለም አጥንትንና ህብለ ሰረሰርን ያሳያል፤ በጉጡ ዙሪያ የወፈረው ለምለም ሥጋ ህብለ ሰረሰርን መጫን አለመጫኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ምስሉ በጊዜው ካልተነሣ ጉዳቱ ከባድ ነው። ልጁ ቀስ በቀስ መራመድ ሊሳነው፣ በመውደቅም በአንድ ቀን ሽባ ሊሆን ይችላል። ለሌላ ቀላል ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሲሰጠው እንኳ አንገቱ ካለ ጥንቃቄ ከተቃና አደጋ ይደርስበታል። ስለሆነም ሐኪሞች ከማደንዘዣ በፊት የአንገትን ምስል ያያሉ፤ አጥንቶቹ የሚንሸራተቱ ከሆነም በቀዶ ሕክምና ያያይዟቸዋል።

መታሰቢያነቱ

የሞርኪዮ በሽታ ብርቅ ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነው፤ አብዛኞቹ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው አንድም በሽተኛ ላያጋጥማቸው ይችላል። ቢሆንም የሞንቴቪዴዮው ሐኪም ስም በየአገሩ በራጅ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ኢንዛይሙን አላገኙም፣ መድኃኒትም አልሠሩም። የሠሩት ሥራ የአራቱን ልጆች ሕመም ከተለመዱት የአጥንት በሽታዎች መለየት ነው። በሽታው ተለይቶ ስም ካገኘ በኋላ ግን ሌሎች ሽንቱን፣ ሴሉንና ጂኑን ለመመርመር የትኞቹን ልጆች መፈለግ እንዳለባቸው አወቁ።